ልጄን የደሴን አስፋልት መሻገር እንዴት እንዳለማመድኳት

ከአዲስ አበባ ወደ መቀሌ የሚሄደው ዋናው አስፋልት ደሴን መሃል ለመሃል ሰንጥቆ ነው የሚያልፈው። ሲኖው፣ ተሳቢው፣ አይሱዙው፣ ሚኒባሱ፣ ባጃጁ ሁሉ እዚያው ነው። ጦሳ ስር ያለች ከተማ ስለሆነች ደግሞ መንገዱ ወይ ዳገት ነው ወይ ቁልቁለት። የልጄ ትምህርት ቤት ከአስፋልቱ ማዶ ነው። ሁለተኛ ክፍል ስትገባ «አባዬ፣ ብቻዬን ልሂድ» ማለት ጀመረች። እሺም እንቢም ሳልላት ማለማመድ ጀመርኩ።

መጀመሪያ የቀየርኩት መሻገሪያውን ነው። አቋራጩ መንገድ ኩርባ ላይ ያወጣናል፣ ዳርና ዳሩን ደግሞ መኪና ቆሞበታል። ትንሽ ዞር ብለን ግራ ቀኙ በደንብ የሚታይበት ቦታ መረጥን። ልጅን ነጋ ጠባ «ተጠንቀቂ» ከማለት የምትሻገርበትን ቦታ መቀየር ይበልጣል ባይ ነኝ። ስመርጥም አስፋልቱ ዳር ቁጢጥ ብዬ በሷ ቁመት አየሁት። አላፊ አግዳሚው ምን ነካው እያለ ያየኝ ነበር፤ ይየኝ። ከቆመ የቤት መኪና በላይ እኔ አሻግሬ የማየው ባጃጅ ለሷ ጭራሽ አይታይም። ባጃጁም እሷን አያያትም። የቆመ አይሱዙ ከሆነ የሚታያት ጎማ ብቻ ነው።

ልጆች እስከ ዘጠኝ አስር ዓመታቸው ድረስ የመኪናን ፍጥነትና ርቀት አገናዝበው መገመት ይከብዳቸዋል። ስለዚህ «መኪናው ሩቅ ከሆነ ተሻገሪ» የሚለው ምክር ለልጅ ትርጉም የለውም። በሰዓት 50 ኪሎ ሜትር የሚሄድ መኪና በአንድ ሰከንድ 14 ሜትር ያህል ይጓዛል፣ ሾፌሩ ገና እግሩን ወደ ፍሬን ሲያነሳ ማለት ነው። በ30 ቢሆን 8 ሜትር ገደማ ነበር። ቁልቁለቱ ላይ ዝናብ ሲጨመርበትማ ተዉት። እኔ ምልክት ሰጠኋት፦ ከላይ የሚመጣ መኪና ከመብራት ፖሉ ወዲህ ካለ፣ ከታች የሚመጣው ደግሞ ከፋርማሲው ታፔላ ወዲህ ካለ አትሻገሪም። አለቀ። ግምት የለም።

«ግራ፣ ቀኝ፣ እንደገና ግራ» የሚለውን ሁሉም ልጅ በቃሉ ያውቀዋል። ችግሩ አንገታቸውን ያዞራሉ እንጂ አያዩም። ስለዚህ ባዞረች ቁጥር «ምን አየሽ?» እላታለሁ። «ሲኖ፣ ሁለት ባጃጅ፣ አህያ የሚነዳ ሰውዬ» ካለችኝ አይታለች። በጆሮዋ ብቻም እንዳታምን ነግሬያታለሁ፣ ምክንያቱም አንዳንዱ ባጃጅ ነዳጅ ለመቆጠብ ቁልቁለቱን በፎሌ ሲለቀው ድምፁ እምብዛም አይሰማም።

ሌላው ደግ ሾፌር ነው። ቆሞ በእጁ «እለፊ» ይላታል፣ እሷም ደስ ብሏት ልትሮጥ ትነሳለች፣ ከኋላው ያለው ግን ለምን እንደቆመ ስለማያውቅ ደርቦ ያልፋል። የቆመው መኪና ጫፍ ላይ ስትደርስ ቆማ አጮልቃ እንድታይ አለማመድኳት። እኔም ማዶ ሆኜ አልጠራትም። ልጅ አባቱን ሲያይ መኪና አይታየውም። እሷ ባለችበት በኩል ነው የምጠብቃት።

የእግረኛ መንገዱ ጉሊት ተዘርግቶበት አስፋልቱ ላይ መውረድ ግድ ሲሆን ግራችንን ይዘን እንሄዳለን፣ የሚመጣው መኪና ፊት ለፊት እንዲታየን። እሷ በጥጉ በኩል፣ እኔ በመኪናው በኩል። የምይዘው አንጓዋን ነው፤ ጣቷን ከያዝኩማ ሾልካ ታመልጠኛለች። ለክረምቱና ለጉሙ ደግሞ የመንገድ ሠራተኞች ከሚለብሱት አንጸባራቂ ሰደርያ ቁራጭ ቆርጬ ቦርሳዋ ላይ ሰፋሁላት። የዩኒፎርሟ ሹራብ ጥቁር ሰማያዊ ነው፣ በጉም ማን ያየዋል? የዝናብ ልብሷ ቆብ ጎን ለጎን እንዳታይ ስለሚከልላት ከመሻገሯ በፊት ወደ ኋላ ትገፋዋለች።

በመጨረሻ ቦታ ተለዋወጥን። «ዛሬ አንቺ ነሽ የምታሻግሪኝ» አልኳትና ዝም ብዬ ተከተልኳት። ኩራቷን ብታዩ! አንድ ቀን ሆን ብዬ ቀደም ብዬ እግሬን ላነሳ ስል ኮቴን ጎትታ «አባዬ፣ መኪናው ፖሉን አልፏል እኮ!» አለችኝ።

ልጅን ማስተማር ብቻውን ግን አይበቃም። የዓለም ጤና ድርጅት ከ5 እስከ 29 ዓመት ያሉትን በመግደል ቀዳሚው የመንገድ አደጋ ነው ይላል፣ ይሄ ደግሞ በልጆች ጥንቃቄ ብቻ የሚፈታ አይደለም። ተራ የሚጠብቁ ባጃጆች ዜብራው ላይ ይደረደሩ ስለነበር ተራ አስከባሪውን ሄጄ አነጋገርኩት። «ወንድሜ፣ እናንተ እዚህ ስትቆሙ ልጆቹ የሚመጣው መኪና አይታያቸውም፤ ትንሽ ፈቀቅ በሉልን» አልኩት። «አብሽር፣ የኔም ልጅ በዚሁ ነው የምታልፈው» አለኝና ሰልፉን ወደ ታች አወረደው። ተሳፋሪ ሲበዛ አልፎ አልፎ ተመልሰው ይመጣሉ፤ እኔም ተመልሼ እሄዳለሁ። ከጎረቤት ወላጆች ጋርም ተነጋገርንና ልጆቹ አሁን ተጠራርተው አብረው ነው የሚወጡት፣ ከፊት ከፊት አንዲት የስድስተኛ ክፍል ተማሪ አለች።

በገበያ ቀን ግን አሁንም አንጓዋን ይዤ ነው የማሻግራት። ጓደኞቼ ያዩኛል ብላ ትበሳጫለች። ትበሳጭ።