ዘንዶዬ ለምን ጠፍጣፋ ሆነ?

ትንንሽ የአሻንጉሊት ቅርጾችን የምንቀባ ጓደኛሞች የምናደርገው የወሩ የቅብ ፈተና ርእስ «ትልቅ አውሬ» መሆኑን ሳውቅ እፎይ አልኩ። ለአራት ዓመታት ያህል ስቀባ የኖርኩት ቁመታቸው ከ28 እስከ 32 ሚሊሜትር የሚደርስ ወታደሮችን ነው። ዐይናቸውን ለመሥራት ትንፋሼን መዋጥ፣ የቀበቷቸውን ዘለበት ለማግኘት አጉሊ መነጽር ማድረግ ነበረብኝ። አሁን ግን ከአፍንጫው እስከ ጅራቱ ጫፍ 25 ሴንቲሜትር የሚሆን፣ ክንፉን የዘረጋ ዘንዶ ጠረጴዛዬ ላይ ቆሟል። ቦታው ሰፊ፣ ብሩሹ ወፍራም፣ ሥራው ቀላል መሰለኝ።

ደንቡ አጭር ነው። ወሩ በገባበት ቀን ያልተቀባውን ቅርጽ፣ ወሩ በሚያልቅበት ቀን ደግሞ የተጠናቀቀውን ፎቶግራፍ አንሥቶ ማሳየት ነው። በዚህ ወር አንድ ነገር ተጨምሮበታል፤ ዋናው ትኩረት ብርሃን አወጣጥ ላይ ይሆናል። ብርሃን ማውጣት ማለት ቅርጹ ላይ ብርሃን ያርፍበታል በምንለው ቦታ ደመቅ ያለ ቀለም እየደረቡ መሄድ ነው። ይህን ደግሞ አውቀዋለሁ ብዬ ነበር። ወታደሮቼን የማደምቃቸው በአንድ ዘዴ ብቻ ነው፤ የትጥቁን፣ የልብሱን፣ የጫማውን ጠርዝ ሁሉ እየተከተልኩ በቀጭን መስመር አሰምርበታለሁ። በትንሽ ቅርጽ ላይ ይህ ዘዴ ተአምር ይሠራል።

የመጀመሪያውን ሳምንት በሙሉ የዘንዶውን ቅርፊቶች አንድ በአንድ አሰመርኩ። ስንት እንደሆኑ አልቈጠርኩም፤ ብቈጥር ኖሮ ሥራውን እተወው ነበር። በስምንተኛው ቀን ራቅ ብዬ ሳየው ዘንዶው መረብ የለበሰ ይመስላል። ጀርባው፣ ጭኑ፣ አንገቱ ሁሉም እኩል ደምቋል፣ ሁሉም እኩል ጨልሟል። ሥጋ ያለው አውሬ ሳይሆን በወረቀት ላይ የተሣለ ሥዕል ሆኖ አረፈው።

ምክንያቱ ቈይቶ ነው የገባኝ። በትንሽ ወታደር ላይ ጠርዞቹ ይቀራረባሉ። በአንዱና በሌላው መካከል ያለው ቦታ ከሁለትና ከሦስት ሚሊሜትር ስለማይበልጥ፣ መስመሩ ብቻውን ቅርጹን ይናገራል። የዘንዶው ጭን ግን የእንቁላል ያህል ሰፊ ነው። ዐይን የዚያን ክብነት የሚያነበው ከጠርዙ ሳይሆን በመካከሉ ካለው የብርሃንና የጥላ ሽግግር ነው፤ እኔ ደግሞ መካከሉን ባዶ ትቼዋለሁ። የክፍሉ መብራት ራሱ ይህን ጥላ ይሠራልኛል ብሎ መጠበቅም አያዋጣም። የመብራቱ ብርሃን ከግድግዳው፣ ከጠረጴዛውና ከጣሪያው እየተንጸባረቀ ትንሹን ቅርጽ ከየአቅጣጫው ስለሚከበው ጥላው ይሳሳል። ተራራ የሚያክል አውሬ በፀሐይ ሥር ቢቆም የሚኖረውን ጥላ ቀቢው ራሱ በቀለም መፍጠር አለበት።

ስለዚህ የሳምንት ሥራዬን ሸፈንኩት። ልብ ይሰብራል፤ ግን ቀለሙን ስስ አድርጌ ስለነበር የቀባሁት፣ የቅርፊቶቹ ዝርዝር ሳይደፈን በላዩ እንደገና ጥቁር የመሠረት ቀለም ለመርጨት ቻልኩ። ጥቁሩ ሲደርቅ ነጩን ከላይ ብቻ፣ ከራሱ በላይ ትንሽ ወደ ፊት አዘንብዬ ረጨሁበት። ነጩ ያረፈበት ቦታ ብርሃን የሚያገኘው፣ ያልደረሰበት ደግሞ ጥላ የሚሆነው ነው። ከዚያም የክፍሉን መብራት ሁሉ አጥፍቼ አንድ የጠረጴዛ መብራት ብቻ ከአናቱ በላይ ይዤ በጥቁርና ነጭ ፎቶግራፍ አነሣሁት። ያቺ ፎቶግራፍ እስከ ወሩ መጨረሻ ከፊቴ አልተለየችም። ጭኑ ላይ ያለው ብርሃን የአውራ ጣት ጥፍር ያህል ብቻ መሆኑን ያየሁት በእርሷ ነው። እኔ እኮ ግማሹን ላደምቀው ነበር። ጥቁርና ነጭ መሆኗም ያለ ምክንያት አይደለም። ቀይ፣ አረንጓዴና ቢጫ ዐይንን በመልካቸው ያታልላሉ፤ ቀለሙ ሲጠፋ የሚቀረው የድምቀት ልክ ብቻ ነው፣ የምንፈልገውም እርሱን ነው።

ያቺን ፎቶግራፍ እንደ ብርሃን ካርታ ይዤም ቢሆን ሁለተኛውን ስሕተት ሠራሁ፤ ከሁሉ ይልቅ ያስተማረኝም እርሱ ነው። ጀርባውን ጥቁር አረንጓዴ፣ ሆዱን የዝሆን ጥርስ የመሰለ ነጣ ያለ ቢጫ አደረግሁት። እንሽላሊትም፣ ዓሣም፣ ሚዳቋም ሆዳቸው ከጀርባቸው ይነጣልና የእኔም አውሬ እንደ እውነተኛ እንስሳ ይሁን ብዬ ነው። ጀርባውን ከላይ በኩል አደመቅሁት፤ ሆዱንም እንደ ልማዴ በየቅርፊቱ አደመቅሁት። ውጤቱ ከመጀመሪያውም የባሰ ሆነ። ዘንዶው በመኪና ጎማ ሥር ያለፈ ይመስል ጠፍጣፋ ሆነ።

የሆነውን ነገር አሜሪካዊው ሠዓሊ አቦት ቴየር እ.ኤ.አ. በ1896 በጽሑፍ አስረድቶታል። ፀሐይ ከላይ ስለምታበራ የማንኛውም ክብ አካል ጀርባ ይደምቃል፣ ሆዱ ይጨልማል፤ ዐይን አካሉ ክብ መሆኑን የሚያውቀው በዚህ ነው። የብዙ እንስሳት ቆዳ ደግሞ ተቃራኒውን ይሠራል፤ ከላይ ጠቆር፣ ከታች ነጣ ይላል። ሁለቱ ሲገናኙ አንዱ ሌላውን ያጠፋዋል፣ እንስሳው ክብነቱን ያጣል፣ አዳኙም ከአካባቢው ሊለየው ይቸገራል። የሚዳቋዋ ሆድ ነጭ የሆነው እንዳትታይ ነው ማለት ነው። እኔ ግን አንድ ወር ሙሉ የደከምኩት ዘንዶዬ እንዲታይ ነበር! ተፈጥሮ ለመደበቅ የምትጠቀምበትን ዘዴ ወስጄ በገዛ እጄ ሥራዬን ደበቅሁበት።

መፍትሔው ሆዱን አረንጓዴ ማድረግ አልነበረም። መልኩን ጠብቆ ድምቀቱን ማውረድ ነው። በነጣው ቢጫ ላይ ጥቂት ሐምራዊና ጥቂት ቡናማ ቀላቅዬ ዐመድማ ጥላ ሠራሁ፤ ከደረቱ በታች ያለውን ሆድ ሁሉ በዚያ ሸፈንኩት። ንጹሑ ቢጫ የቀረው ዘንዶው ደረቱን ሲነፋ ወደ ላይ በሚመለከቱት በአራትና በአምስት ሰፋፊ ቅርፊቶች ላይ ብቻ ነው፤ በእነርሱም ላይ ቢሆን በላይኛው ጫፋቸው። ሆዱ አሁንም ነጭ እንደሆነ ይነበባል፤ ግን ጥላ ውስጥ ያለ ነጭ ነው። አንድ ምሽት ብቻ ፈጀብኝ፤ ዘንዶውም እንደገና ነፍስ ዘራ።

ስለ ነጭ ቀለም ጥቂት ልበል፤ ብዙ ሰው እዚህ ላይ ሲሰናከል አይቻለሁና። አረንጓዴን ለማድመቅ ነጭ መቀላቀል የመጀመሪያው ሐሳብ ነው፤ የእኔም ነበር። ነገር ግን ነጩ ቀለም የሚሠራበት ቲታንየም ዳይኦክሳይድ እጅግ ደፋኝ ነው፤ ጥቂቱ ብቻ ገብቶ አረንጓዴውን ወተት የፈሰሰበት፣ ጠመኔ የነካው ያስመስለዋል። የፀሐይ ብርሃን ቀለምን ያሞቀዋል እንጂ አያደበዝዘውም። ስለዚህ በነጭ ፋንታ የዝሆን ጥርስ ቀለም፣ ከዚያ በፊት ደግሞ ጥቂት ቢጫ ተጠቀምሁ። ለጥላውም ጥቁር አልጨመርኩም፤ ጥቁር ሰማያዊ ቀላቀልኩበት። ከጥላው እስከ መጨረሻው ድምቀት አምስት ደረጃ ወጣልኝ፤ አምስተኛው በቀንዱ ጫፍ፣ በቅንድቡ አጥንትና በአፍንጫው ቀዳዳ ዙሪያ ብቻ የሰፈረ ነው።

እነዚህን ደረጃዎች ማዋሐድ ሌላ ጣጣ ነው። የምቀባበት አክሪሊክ፣ በውሃ የሚቀጥነው ቀለም፣ ቶሎ ይደርቃል፤ በትንሽ ቅርጽ ላይ ይህ በጎ ጠባዩ ነው፣ በትልቅ ክንፍ ላይ ግን ጠላት ይሆናል። ሁለት ቀለሞችን እርጥብ እንዳሉ ክንፉ ላይ ላዋሕድ ሞከርኩ። አንዱን ጫፍ ሳስተካክል ሌላው ግማሽ ደረቅ ሆኖ ይጠብቀኝና ብሩሹ ሲነካው እንደ ቆዳ ይላጣል። ሦስት ጊዜ ሞክሬ ሦስት ጊዜ አበላሸሁት። ከዚያ በኋላ ማለስለሱን ተውኩት፤ በምትኩ ከክንፉ አጥንት ተነሥቼ ወደ ውጭ የሚሄዱ ፀጉር የሚያካክሉ ጭረቶችን አሰመርኩ። በጨለማው በኩል ራቅ ራቅ ያሉ፣ በብርሃኑ በኩል የተጠጋጉ። ከክንድ ርቀት ሲታዩ ጭረቶቹ ይጠፉና የለሰለሰ ሽግግር ይመስላሉ፤ ከቅርብ ሲታዩ ደግሞ የቆዳ እጥፋትና ጅማት ይመስላሉ። ትልቅ አውሬ ሲቀባ ከልስላሴ ይልቅ ሻካራነት እንደሚያምር አምናለሁ፤ ጓደኞቼ አይስማሙም፤ የእነርሱ ዘንዶዎች ግን ለእኔ የላስቲክ ይመስሉኛል።

ለቅርፊቶቹ ስስ ቀለም መደራረብ ነበር የሠራልኝ። አንድ ቀለም ለሦስትና ለአራት እጅ ውሃ፤ ብሩሹን ነክሮ በወረቀት ላይ መጥረግ፤ ከዚያ መቀባት። መጥረጉን የዘለለ ሰው ቀለሙ በቅርፊቶቹ መካከል ኩሬ ሠርቶ፣ ሲደርቅ ዳር ዳሩን ቀለበት ጥሎ ያገኘዋል። የብሩሹ አቅጣጫም ራሱን የቻለ ነገር ነው፤ ይህን ማንም አልነገረኝም። ብሩሹ ብዙውን ቀለም የሚተወው ከተነሣበት ሳይሆን ከሚያርፍበት ጫፍ ነው። ስለዚህ ድምቀት ሲደረብ ከጥላው ወደ ብርሃኑ መሳብ፣ ጥላ ሲደረብ ደግሞ ከብርሃኑ ወደ ጥላው። ለዓመታት በዘፈቀደ ሳመላልስ ኖሬያለሁ። ቀለሙ እንዳይደርቅም በዝርግ ሳህን ላይ እርጥብ ስፖንጅ፣ በላዩ የመጋገሪያ ወረቀት አኑሬ ነበር የምሠራው፤ በክዳን ከተሸፈነ የተቀላቀለው ቀለም ለማግስቱ ይተርፋል። አምስት ደረጃ ቀለም በየምሽቱ እንደ አዲስ መቀላቀል ካለባችሁ አንዱ ቀን ከሌላው ቀን አይገጥምም።

ደረቅ ብሩሽን፣ ማለትም ቀለሙ ተጠርጎ ሊያልቅ በተቃረበ ብሩሽ ጎላ ያለውን ቦታ ብቻ መዳበስን፣ ከጀርባው እሾሆችና ከመቆሚያው ድንጋዮች በቀር አልተጠቀምኩበትም። ሻካራ ቦታ ላይ ደስ ይላል፤ ለስላሳ ቦታ ላይ አቧራ ይመስላል።

በአራተኛው ሳምንት መጀመሪያ ላይ ሥራው ያለቀ መሰለኝ። ግን አንድ ነገር ይጎረብጠኝ ነበር፤ ዐይኔ በዘንዶው ራስ ላይ መቈየት ሲገባው ወደ ጅራቱ ይሸሻል። ፎቶግራፉን እንደገና በጥቁርና ነጭ አነሣሁ። የጅራቱ ጫፍ እንደ ፊቱ ደምቋል! ትጋቴን ለሁሉም እኩል አከፋፍዬ ነበር። ፊቱን ይበልጥ ላድምቀው ብዬ ብሩሽ ካነሣሁ በኋላ መለስኩት፤ ከዝሆን ጥርስ ቀለም በላይ የሚሄድበት ቦታ አልነበረኝም። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሚሼል ኤዤን ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1839 ባሳተመው ሥራው ጎን ለጎን የተቀመጡ ቀለሞች አንዱ የሌላውን መልክ በዐይናችን እንደሚለውጡ አሳይቷል፤ በጨለማ አጠገብ ያለ ነገር ከልኩ በላይ ይደምቃል። ስለዚህ ፊቱን ትቼ ጅራቱን፣ የኋላ እግሮቹንና የአንገቱን ሥር በስስ ሰማያዊ ጥላ አጨለምኩ። በጅራቱ ላይ የሁለት ምሽት ድካሜን ውሃ በላው። ፊቱ ግን ምንም ሳልነካው ደመቀ።

ቀለሙን ለመጠበቅ በመጨረሻ በሚረጨው ግልጽ ሽፋን፣ በቫርኒሹ በኩል ዕድለኛ ነበርኩ ማለት ይቻላል። መጀመሪያ የረጨሁት የሚያብረቀርቀውን ዓይነት ነበር፤ ለጥንካሬው ብዬ። ሲደርቅ የክፍሉ መብራት በየቅርፊቱ ላይ ነጭ ነጥብ ጣለ፤ የእኔ ብርሃንና የአምፖሉ ብርሃን በአንድ አካል ላይ ይጣሉ ጀመር። በላዩ የማያብረቀርቀውን ስረጭበት ጸጥ አለ። ከዚያ በትንሽ ብሩሽ የሚያብረቀርቀውን ለዐይኑ፣ ለምላሱና ለድዱ ብቻ መለስኩላቸው፤ እርጥብ መሆን ያለባቸው እነርሱ ናቸውና።

በመጨረሻው ቀን ምሽት ፎቶግራፉን አነሣሁ። የግራ ክንፉ የውስጥ በኩል አልተቀባም፤ ጥቁር የመሠረት ቀለሙን እንደለበሰ ነው። ካሜራውን ወደ ቀኝ አዞርኩና ጥላ መሰለ። ከጓደኞቼ አንዱ «በተለይ የግራው ክንፍ ጥላ ደፋር ነው» አለኝ፤ አመሰገንኩት። ዘንዶው አሁን መደርደሪያዬ ላይ ነው፣ ግራ ጎኑን ለግድግዳው ሰጥቶ።