አፕዴቱ የበላው ሴቲንግ

ዛሬ ደብረ ማርቆስ ዝናቡ ሲያወርደው ዋለ፤ እኔ ደግሞ ከላፕቶፔ ጋር ስታገል። የፋይል ማመሳሰያው ሶፍትዌር ጠዋት ራሱን አፕዴት አደረገ። ከፈትኩት፤ ባዶ! የትኛው ፎልደር ከየትኛው እንደሚገናኝ ሁለት ዓመት ያስተካከልኩት ሁሉ የለም። ይባስ ብሎ «እንኳን ደህና መጡ» ይለኛል፣ እንደ አዲስ እንግዳ።

ቶሎ ብዬ ዋይፋዩን አጠፋሁ፤ የቀረውንም እንዳይጠርግብኝ። ከዚያ የተደበቁ ፋይሎች እንዲታዩ አድርጌ ፕሮግራሞች ሴቲንጋቸውን የሚያስቀምጡበት አፕዳታ የሚባለው ፎልደር ውስጥ ገባሁ። አሮጌው የሴቲንግ ፋይል ስሙ መጨረሻ ላይ «ባክ» (ባክአፕ፣ መጠባበቂያ ቅጂ ማለት ነው) ተለጥፎበት ቁጭ ብሏል! ፕሮግራሙን ዘጋሁ፣ ኮፒ አስቀረሁ፣ የድሮ ስሙን መለስኩለት። ስከፍተው ሁሉም በየቦታው።

እናቴ «ምነው ልጄ፣ ከማን ጋር ስትጣላ ነው የዋልኸው?» አለችኝ። አቦሉ አምልጦኛል፤ ለቶናው ግን ደረስኩ።