ታክሲ ውስጥ ያነበብኩት

ዛሬ ከመገናኛ ወደ ቤት ስመለስ መንገዱ እንደልማዱ ተዘጋግቶ ነበር። ስልኬ ላይ አንድ አጭር ልብወለድ ከፈትኩ። የአሜሪካዊቷ ደራሲ የኬት ሾፓን «የዴዚሬ ሕፃን»፣ እ.ኤ.አ. በ1893 የወጣ።

ቦታው አሜሪካ፣ ሉዊዚያና ነው፣ በባርነት ዘመን። ዴዚሬ በሕፃንነቷ ተጥላ የተገኘች ልጅ ናት። አርማን የሚባል ባለ ርስት በፍቅሯ አበደ። የማን ልጅ እንደሆነች እንኳ ግድ አልሰጠውም። አገባት፣ ወለደችለት።

ልጁ ሦስት ወር ገደማ ሲሆነው አንድ ከሰዓት፣ አንድ ትንሽ ክልስ ባሪያ በባዶ እግሩ ቆሞ በጣዎስ ላባ ያራግብለታል። እናት ልጇን ታያለች። የሚያራግበውን ታያለች። ደግማ ልጇን።

አርማን ምንም ሳያጣራ «ነጭ አይደለሽም» አላት። እጇ ከሱ እጅ ይነጣል እኮ! ብትነግረውም አልሰማ። ሕፃኑን ታቅፋ ወደ ረግረጉ ሄደች፣ በዚያው ቀረች። በኋላ አንድ የድሮ ደብዳቤ ሲያገኝ ለካ ጥቁር ዘር ያላት የገዛ እናቱ ኖራለች።

ሁሉም ሰው የሚያወራው ስለዚህ መጨረሻ ነው። እኔን ግን የከነከነኝ ያ የሚያራግበው ልጅ ነው። ስሙ እንኳ አይነገረንም። እናቱ ላ ብላንሽ ትባላለች፣ በታሪኩ ውስጥ አንድ ቃል አትናገርም። ቀደም ብሎ ግን ዴዚሬ በጨዋታ መሀል፣ አርማን የሕፃኑን ለቅሶ ከላ ብላንሽ ጎጆ ድረስ እንደሰማው ትናገራለች። እዚያ ምን ይሠራ ነበር? እሱን የጠየቀው የለም።

ረዳቱ «ወራጅ የለም?» ሲል ቀና አልኩ። ሰፈሬን አልፌዋለሁ።