ጊታሩን በየት በኩል ትያዘው?

ድሬዳዋ ውስጥ ለግራኝ ተብሎ የተሠራ ጊታር ሲሸጥ አይቼ አላውቅም። የተሰቀለው ሁሉ የቀኝ ነው። ሻጩን ብትጠይቁት «ምን ችግር አለው፣ አዙራችሁ ያዙት» ይላችኋል። ሙሉ በሙሉ ተሳስቷል አልልም። ግን ማዞር ብቻውን አይበቃም። ሰሞኑን ይህን ነገር የማብሰለስለው በእህቴ ልጅ የተነሳ ነው።

ሚጡ 13 ዓመቷ ነው። ጊታር ካላስተማርከኝ ብላ ይዛኛለች። ግራኝ ናት እንላለን፤ ነገሩ ግን እንደዚያ ቀላል አይደለም። ምግብ የምትበላው በቀኟ ነው። እናቴ ናት ያስለመደቻት፣ ልክ እኔን እንዳስለመደችኝ። ልጅ ሆኜ ግራ እጄ ወደ ትሪው ሲዘረጋ ቸብ ታደርገኝ ነበር። በግራ አይጎረስም፣ በግራ ሰው አያጎርሱም፣ ከትልቅ ሰው ዕቃ በግራ አይቀበሉም። በዚህ ጉዳይ ሰፈራችን ውስጥ ክርስቲያኑም ሙስሊሙም አንድ ቃል ነበር። እኔን አስተማሪ እርሳሱን ከግራ ወደ ቀኝ አዛውሮብኛል። ሚጡ በደህና ዘመን ተማረችና በግራዋ ትጽፋለች። መቀስ ግን በቀኟ ነው የምትይዘው፣ ቤት ያለው መቀስ በግራ አይቆርጥማ።

ከ10 ሰው አንዱ ገደማ ግራኝ ነው ይባላል። የውጭዎቹ አስተማሪዎች ምክር አጭር ነው፤ በሚቀናህ እጅ ተጫወት። እኛ ጋ ሲደርስ ነው የሚወሳሰበው። የኛ ግራኝ ጊታር ጋ የሚደርሰው እጆቹን ሌሎች ከተከፋፈሉለት በኋላ ነው። አንዱን ሥራ አያት ወስዳዋለች፣ ሌላውን አስተማሪ። የቱ እንደሚቀናው ቢጠየቅ ራሱም በትክክል አይመልስም።

በነገራችን ላይ፣ እዚህ ምሥራቅ ግራኝ መባል ሌላ ክብደት አለው። በ16ኛው ክፍለ ዘመን ከሐረር የተነሱት ኢማም አህመድ ኢብን ኢብራሂም በዚህ ቅጽል ነው ታሪክ ላይ የሚታወቁት። ክፍል ውስጥ አንድ ልጅ በግራው ሲጽፍ ከታየ ስም ይወጣለታል። እኔ ሲሉኝ እናደድ ነበር። ሚጡ ግን «ግራኟ» ብለውኛል ብላ እየሳቀች ነው ቤት የገባችው።

ወደ ጊታሩ ልመለስ። በተለመደው አያያዝ ግራ እጅ አንገቱ ላይ ኮርድ (አብረው የሚሰሙ ድምፆች) ይይዛል፣ ቀኝ እጅ ክሩን ይመታል። ስለዚህ ብዙ አስተማሪ ግራኝ ተማሪ ሲመጣለት «እንዲያውም ታድለሃል፣ ጎበዙ እጅህ ኮርድ ላይ ነው» ይላል። እኔንም ያኔ ያሉኝ ይህንኑ ነው። ውሸት አይደለም። የዳየር ስትሬትስ ባንድ ጊታሪስት ማርክ ኖፍለር ግራኝ ነው፣ የሚጫወተው ግን በቀኝ ነው። ጊታሪስቱ ጋሪ ሙርም እንዲሁ ነበር። እኔም ኮርድ መቀያየር ላይ ማንንም አልፈራም።

የምቸገረው ችክችካ ሲመጣ ነው። ሠርግ ላይ ድምጻዊው ሞቅ ይለዋል፣ ሙሽሮቹ መሀል ገብተዋል፣ ፍጥነቱ ይጨምራል። ያኔ ቀኝ እጄ ከክርኑ በታች ይደነዝዛል። ምቱ ላይ በጣም ትንሽ፣ ለሰው በማይታወቅ ያህል ይዘገያል። ከበሮ የሚመታው ጓደኛዬ ግን ያውቃታል። ዞር ብሎ ያየኛል። ግራ እጄ ያንኑ ችክችካ ጠረጴዛ ላይ ሲያድር ቢመታ አይደክመውም።

ከዚህ ተነስቼ የያዝኩት አቋም አለ። ኮርድ መያዝ ለማንም ጀማሪ፣ በየትኛውም እጅ፣ ባዕድ ነገር ነው። ጣት እስኪደድር ያማል፣ ከዚያ ይለመዳል። ምት ግን ጊታር ከመንካታችሁ በፊት አብሯችሁ ያለ ነገር ነው። ስለዚህ ጥያቄው የቱ እጅ ይጽፋል አይደለም፣ የቱም ይበላል አይደለም። የቱ እጅ ጊዜ ይጠብቃል ነው።

ይህን ደግሞ ልጁን ጠይቀህ አታገኘውም፣ ሳያውቅ ማየት ነው። አንድ ቀን ከአስር ሰዓት በኋላ፣ ሙቀቱ በረድ ሲል፣ በረንዳ ላይ የአሊ ቢራን ዘፈን ከፈትኩ። ሚጡ ባዶውን ቢጫ ጀሪካን ሳበችና ጉልበቶቿ መሀል አደረገችው። ግራዋ ዋናውን ምት ያዘች፣ በሙሉ መዳፍ፣ ከእጅ አንጓዋ እየለቀቀች። ቀኟ በሁለት ጣት ክፍተቱን ትሞላለች። «እስኪ ቀይሪው» አልኳት። ቀየረችው፣ ትችላለች። ግን ትከሻዋ ተነሳ፣ ምላሷ ከከንፈሯ ብቅ አለ፣ ከዘፈኑ ጋር መሄዱን ትታ እጇን ማየት ጀመረች። ለኔ ይህ በቂ ነበር።

እናቴ ግን አልተዋጠላትም። «አቦ ተወኝ! በስንት መከራ ቀኝ ያስለመድኳትን ልጅ መልሰህ ልታበላሽብኝ?» አለችኝ። እናቴ ዐቢይ ጾም ሲገባ ጠዋት ማታ በገና የምትሰማ ሴት ናት። «እማዬ፣ በገና ደርዳሪው እኮ አሥሩን አውታር የሚደረድረው በግራ እጁ ጣቶች ነው» አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና «እሱ ለእግዚአብሔር ነው» ብላ ዘጋችው። ከዚህ በላይ አልተከራከርኩም።

ከእናቴ ይልቅ ያሳሰበኝ ሌላ ነው። ድሬ ውስጥ ጊታር የጋራ ነው። እኔ የራሴን ከመግዛቴ በፊት ዓመታት በሰው ጊታር ነው የተጫወትኩት። የወጣት ማዕከሉ ጊታር፣ የጎረቤት ጊታር፣ ከድግስ በኋላ ከባንዱ ተለምኖ ለአንድ ዘፈን የሚያዝ ጊታር። በግራ የተማረ ሰው ይህ ሁሉ በር ይዘጋበታል። ሁሉም ሰው ተራ በተራ ሲጫወት እሱ ያጨበጭባል። በቀኝ ትማር ለሚሉት ትልቁ መከራከሪያ ይህ ነው። የእጅ ተፈጥሮ ምናምን ከሚለው ሁሉ ይህኛው ይከብደኛል።

ይህን በር የሰበሩ አሉ ደግሞ። ለሚጡ ደጋግሜ የነገርኳት የኤልዛቤት ኮተንን ታሪክ ነው። ሰሜን ካሮላይና ውስጥ ያደገች ጥቁር አሜሪካዊት ናት። ትንሽ ልጅ ሆና የወንድሟን ባንጆ እሱ ሥራ ሲሄድ አንስታ ትጫወት ነበር። ግራኝ ስለሆነች ገለበጠችው። የሰው ዕቃ ነውና ክሩን መቀየር አልቻለችም። በኋላ ጊታርንም እንደዚያው ገልብጣ ያዘች። ወፍራሙ ክር ከታች፣ ቀጭኑ ከላይ ሆነ። ስለዚህ ሰው በአውራ ጣቱ የሚመታውን ቤዝ (ወፍራሙን ድምፅ) እሷ በጣቶቿ፣ ዜማውን ደግሞ በአውራ ጣቷ መጫወት ግድ ሆነባት። ያ የግድ ነገር የራሷ አጨዋወት ሆኖ ቀረ፣ ዛሬ ቀኞቹ ቁጭ ብለው ያጠኑታል። ለብዙ ዓመት ጊታር ትታ ሙዚቀኛ በነበረው የሲገር ቤተሰብ ቤት ውስጥ ተቀጥራ ትሠራ ነበር። የመጀመሪያ አልበሟ የወጣው እ.ኤ.አ. በ1958፣ ከ60 ዓመቷ በኋላ ነው።

የብሉዝ ሰው አልበርት ኪንግም ክሩን ሳይቀይር ገልብጦ ነው የተጫወተው። ሌላው ክሩን ወደ ላይ ገፍቶ የሚያጣምመውን ድምፅ እሱ ወደ ታች እየጎተተ ያወጣው ነበር። ጂሚ ሄንድሪክስ ደግሞ የቀኝ ስትራቶካስተር ኤሌክትሪክ ጊታር ገለበጠና ክሮቹን እንደገና በትክክለኛው ቅደም ተከተል አስገባ፤ ፎቶዎቹ ላይ መቆጣጠሪያዎቹ ከላይ በኩል የሚታዩት ለዚያ ነው። የቢትልሱ ፖል ማካርትኒ እ.ኤ.አ. በ1961 ሐምቡርግ ላይ የገዛው ሆፍነር ቤዝ ጊታር ቅርጹ ግራና ቀኙ እኩል ስለሆነ ለግራኝ ሲያዝም አያስቅም። የብላክ ሳባዝ ባንድ ጊታሪስት ቶኒ አዮሚ ግራኝ ነው፣ ኮርድ የሚይዘው በቀኙ ነው። በ17 ዓመቱ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን የዚያኑ እጅ የሁለት ጣት ጫፍ ቆረጠበት። እጅ ቀይሮ በቀኝ እንደ አዲስ ከመጀመር ይልቅ የላስቲክ ጠርሙስ አቅልጦ ለጣቶቹ ቆብ ሠርቶ አጠለቀ። ይህን ስነግራት ሚጡ ፊቷን አጨማደደች፣ ከዚያ ፎቶውን አሳየኝ አለች።

እንግዲህ በግራ ትማር ብለን ወሰንን። ክሩን ቀይረን፣ እንደ ሄንድሪክስ። የቤት ጊታር ገልብጣ ክሩን ሳትቀይር እንድትጀምር አልፈለግኩም፣ ከዚያ በኋላ የሚያስተምራት ሰው ከየት ይመጣል?

እዚህ ላይ ነው «አዙራችሁ ያዙት» ያለው ሻጭ የማይነግራችሁ ነገር። ጊታር ከፊት ሲታይ ግራና ቀኙ እኩል ይመስላል፣ ግን አይደለም። ከመቃኛዎቹ ሥር ክሮቹ የሚያርፉባት ነጭ ቁራጭ አለች። ላይዋ ላይ ስድስት ፍንጮች አሉ፣ ለወፍራሙ ሰፊ፣ ለቀጭኑ ጠባብ። ክሩን ስትቀይሩ ወፍራሙ ጠባቡ ላይ ተንሳፍፎ ይቀራል፣ ቀጭኑ ሰፊው ውስጥ ይንገዳገዳል። ታች ሆዱ ላይ ያለችው ቁራጭ ደግሞ የብረት ክር ባላቸው ጊታሮች ላይ ሰያፍ ናት። ሰያፉ ሲገለበጥ አንገቱ ላይ ወደ ሆዱ የሚጠጉት ድምፆች ቅኝታቸው ይበላሻል። የውስጥ ደጋፊ እንጨቶቹም ብዙ ጊዜ ለቀኝ ታስበው ነው የሚደረደሩት።

ስለዚህ የናይለን ክር ያለውን አሮጌ ጊታሬን መረጥኩላት። የናይለኑ ታችኛዋ ቁራጭ ቀጥ ያለች ናት፣ ሰያፍ የለባትም። ወፍራሙ ክር በኩል ትንሽ ከፍ ስለምትል አውጥቼ አዞርኳት፣ አለቀ። ላይኛዋ ሙጫ ነበረባት። በትንሽ እንጨት ከጎን ቀስ ብዬ ስመታት ለቀቀች። እሷንም አዞርኳት፣ ግን አንዷ ፍንጭ ከዱሮ ጀምሮ ተበልታ ስለነበር ክሩ ፍሬቱን (አንገቱ ላይ የተጋደመውን ብረት) እየነካ ይንጣጣል። ክራር የሚሠራ አንድ ሰው ከአጥንት አዲስ ሞርዶ ሊሠራልኝ ተስማምቷል። «የግመል ይሁን የበሬ?» አለኝ። ድሬ ነውና ሁለቱም አይጠፋም። የግመል ይሁን አልኩት።

እስከዚያው በተንጣጣው ክር ጀምረናል። ያልጠበቅኩት ጥቅም አገኘን። ፊት ለፊት ስንቀመጥ የኔ ጊታር አንገትና የሷ ወደ አንድ በኩል ይዞራሉ፣ መስታወት ፊት እንዳለች ጣቴን እያየች ትከተለኛለች። በቀኝ የሚማሩ ልጆች ሁሌ በአእምሯቸው እየገለበጡ ነው የሚያዩኝ። እሷ ይህ የለባትም። መጽሐፍ ላይ ያለ የኮርድ ሥዕል ግን ተገልብጦባታል፣ ስለዚህ የምትፈልጋቸውን በደብተሯ እያዞርኩ ሣልኩላት። በሰው ጊታር ጊዜ እንዳታጨበጭብ ደግሞ ሁለት ሦስት ኮርድ በተገለበጠ ክር አሳያታለሁ ብዬ አስቤያለሁ፣ ራሴ መጀመሪያ ከቻልኩት።

ምቷ ግሩም ነው። ቀኝ እጇ ጣቷን አሞኛል ይላል፣ ጫፉን ታሻሻለች፣ እናቴ ከውስጥ «አላልኩም?» ትላለች። ኤ ማይነርና ኢ ማይነር የሚባሉትን ኮርዶች መቀያየር ላይ ነን። ኤፍን ገና አልነካናትም፤ ኤፍ ለቀኙም ለግራውም እኩል ነው የምታስለቅሰው።