ስሙን ይዞ የመጣው ልጅ

ጀርመን አገር ስታረግዙ፣ ሆዳችሁ ሳይገፋ ስም የሚያወጣላችሁ ብዙ ነው። «ለፈረንጅ አፍ የሚቀል ይሁን» የማይል የለም። ለእኛም እዚሁ ፍራንክፈርት ኖዋ፣ ሌዮን፣ ፊን ሲባልልን ከረመ።

ልጃችን የተወለደው መስከረም 2016 ዓ.ም. ነው፤ ቅዱስ ዮሐንስ ባለፈ በሳምንቱ፣ ዓመቱም ዘመነ ዮሐንስ። እናቴ ከአዲስ አበባ ደውላ «ስሙን ይዞ መጥቷል፤ ምን ታስቢያለሽ?» አለችኝ። የአባቴን ነገር አላነሳችም። ዮሐንስ የሟች አባቴም ስም ነው።

ስሙ መነሻው ዕብራይስጥ ነው፤ ዮሐናን፣ እግዚአብሔር ጸጋ ሰጠ እንደማለት። ግሪኮች ኢዮአኒስ አሉት፣ ጣልያኖች ጆቫኒ፣ ሩሲያውያን ኢቫን። የእኛ ግዕዝ የዕብራይስጡን ሐመሩ ሐ አልጣለም፣ የግሪኩንም የመጨረሻ ስ ይዟል። ለዚህ ነው በሃሌታው ሀ ተጽፎ ሳይ ቅር የሚለኝ። በሉቃስ ወንጌል ዘመድ አዝማድ ሕፃኑን ዘካርያስ ሊለው ሲል፣ እናቱ ኤልሳቤጥ እምቢ አለች። ከወገንሽ በዚህ ስም የተጠራ የለም ብለው ሞገቷት። እኔን ግን እንዲህ ብሎ የሚሞግተኝ አልነበረም።

ልደት ወደሚመዘገብበት ሽታንደስአምት ሄደን ስሙን ስንናገር፣ ጸሐፊዋ ድገሙልኝ እንኳ አላለችም። ለካ እነሱም ዮሐነስ ነው የሚሉት! የኅትመቱ ጉተንበርግ ዮሐነስ ነው፣ የከዋክብት ተመራማሪው ኬፕለርም ዮሐነስ። ሃንስ፣ ሃነስና ያንም የወጡት ከዚሁ ስም ነው። ያን ሁሉ ወር የፈረንጅ አፍ ሲያሳስበን የነበረው በከንቱ ነው። አሁን ስም ለሚመርጡ ወላጆች ሁሉ ይህን እናገራለሁ፤ ኤልያስም፣ ዮናስም፣ ሉቃስም እዚህ ሞልተዋል።

ጸሐፊዋ የጠየቀችን አንድ ነገር ብቻ ነበር፦ «በዮት ነው በኢፕሲሎን?» በ J ነው ወይስ በ Y ማለቷ ነው፤ ጀርመኖች የሚጽፉት በዮት ነው። ባለቤቴ መልስ ሳይሰጥ ፓስፖርቴን ከእጄ ወስዶ ጠረጴዛው ላይ ዘረጋውና የአባቴ ስም ላይ ጣቱን አሳረፈ። በኢፕሲሎን ነው የተጻፈው። «ልክ እንደዚህ» አላት። እንባዬን መቆጣጠር አቃተኝ፤ ሴትዮዋም መሀረብ አቀበለችኝ።

ሕፃናት ማቆያው (ኪታ) ሃነስ ይሉታል፣ እኛም ስንቸኩል ጆኒ እንለዋለን። እናቴ ግን ማሳጠር አትወድም። አባቴን በሕይወት ሳለ በስሙ ስትጠራው ሰምቼ አላውቅም፤ አሁን በቪዲዮ ስትደውል «ዮሐንስ! ዮሐንስ!» እያለች ከሶፋ ጀርባ የተደበቀውን ልጅ ታስወጣዋለች።