የግቢ ቧንቧ፣ ውርጭ እና ያ ቆጣሪ

ጥቅምት ሲገባ የወሎ ደጋ ሰማይ ጥርት ይላል፤ ደመና የሌለበት ሌሊት ደግሞ ውርጭ ይዞ ያድራል። የደሴ ሰው በረደን ሲል እሰማለሁ፤ እስቲ ከደሴ ከፍ ብሎ ባለው ጉጉፍቱ ላይ አንድ ሌሊት ይደር።

የግቢዬን ቧንቧ ማዘጋጀቱ ቀላል ነበር። ሳራቼኔስካውን፣ ማለትም የግቢውን የውሃ መዝጊያ፣ ዘጋሁ፣ ሩቢኔቱን ከፍቼ ውሃውን አንጠፈጠፍኩ፣ እንደተከፈተ ተውኩት። ከመሬት በላይ የቆመውን ብረት በአሮጌ ባና ጠቅልዬ በላዩ ላስቲክ አሰርኩ። ላስቲኩ አይቅር፤ የረጠበ ባና ከራቁት ቧንቧ አይሻልም። ጠልቆ ይቀበር የሚሉትን እኔ አልሰማም። የኛ ውርጭ ፀሐይ ስትወጣ የሚለቅ ስለሆነ አፈሩን ዘልቆ አይሄድም።

ጣጣው ቆጣሪው ነው። የተተከለው ከሳራቼኔስካው በፊት ስለሆነ ምንም ብዘጋ እሱ ውስጥ ያለው ውሃ አይወጣም። ያውም ከመሬት ከፍ ብሎ፣ ስስ የቆርቆሮ ሳጥን ውስጥ። ውሃ በረዶ ሲሆን መጠኑ 9 በመቶ ገደማ ይጨምራል፤ ይህን የሚችል የቆጣሪ መስታወት የለም። ቢሮ ሄጄ ከቆጣሪው በፊት መዝጊያ ይገጠምልኝ አልኩ።

«አብሽር ወንድሜ፣ ምንም አይሆንም። ሌሊት ሩቢኔቱን ጠብ ጠብ እያለ ይደር» አለኝ ሠራተኛው።

ጠብ ጠብ! ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ከተማ! የሚንቀሳቀስ ውሃ ቶሎ አይረጋም፣ እውነት ነው። ፈረቃችን ባልሆነ ሌሊትስ ምኑ ነው የሚንጠባጠበው? እንግዲያው ሳጥኑን ላልብሰው ብለው፣ «የመንግሥት ንብረት ነው፣ እንዳትነካ» አለ።

ታኅሣሥ ላይ ፈነዳ። ሌሊት አይታወቅም፤ በረዶው ራሱ ስንጥቁን ደፍኖ ያድራል። ረፋድ ላይ ሲቀልጥ፣ ፈረቃችንም ነበር፣ ግቢው ተጥለቀለቀ። ያው ሠራተኛ የመተኪያውን ዋጋ ጻፈልኝ፤ ቆጣሪ መጠበቅ የደንበኛው ኃላፊነት ነው አለ። ስነካው የመንግሥት፣ ሲፈነዳ የእኔ! ውሃ ሳይኖር ስለማይታደር ከፈልኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

አዲሱን ሲተክሉልኝ ማንንም አልጠየቅኩም። ደረቅ የገብስ ገለባ በማዳበሪያ ከረጢት አድርጌ ሳጥኑን ሞላሁት፤ ብዙ መጠቅጠቅ አያስፈልግም፣ ብርድ የሚከለክለው መሃሉ ያለው አየር ነው። እናንተም ሳትጠይቁ አልብሱት፣ የማኅተሙን ሽቦ ብቻ አትንኩ። ቧንቧው ከረጋባችሁ እሳት አታስጠጉ፤ ሩቢኔቱን ከፍታችሁ፣ ለብ ባለ ውሃ በተነከረ ጨርቅ ከሩቢኔቱ በኩል ጀምሩ።

አሁን የቀረኝ ጠላት ቆጣሪ አንባቢው ነው። ገለባውን አውጥቶ ቁጥሩን ያነባል፣ መልሶ ግን አይከትም። እሱ በመጣ ቀን ማታ ባትሪ ይዤ ሳጥኑን ሳላይ አልተኛም።