ጀልባው ጅቡቲ፣ ጓዳው ድሬ

ድሬዳዋ ባሕር የላትም፤ ባሕሩ ግን ሩቅ አይደለም። ጀልባቸውን ጅቡቲ አቁመው ቤታቸውን ድሬ ያደረጉ ባልና ሚስት ዓመታቸው ለሁለት ይከፈላል። ከጥቅምት እስከ ሚያዝያ የታጁራ ባሕረ ሰላጤ ነው። ሙቀቱና ከየብስ የሚነሳው የከምሲን ነፋስ ሲመጣ ደግሞ ድሬ ግቢ ውስጥ፣ ከጅቡቲ የመጣው የጀልባ ሞተር በሚፈተሽበት በርሜል አጠገብ። እዚህ የምንጽፈው ይበልጡን ስለ በርሜሉ ነው፤ ባሕር ላይ የሚያስቸግረው አብዛኛው ነገር በርሜሉ አጠገብ ሳይታይ የታለፈ ነውና።

ለሁለት ሰው የምንመርጠው አምስት ሜትር ገደማ የሆነ የፋይበር ጀልባ ከባለ25 ፈረስ ጉልበት ቱ ስትሮክ ሞተር ጋር ነው። ሞተሩ 50 ኪሎ ያህል ስለሚመዝን ሁለት ሰው ያነሳዋል። በገመድ ይነሳል፤ ካርቡሬተሩንም የድሮ ቱ ስትሮክ ባጃጅ የፈታ መካኒክ ሁሉ ያውቀዋል። ፎር ስትሮኩ ቤንዚን ይቆጥባል፤ ግን ከባድ ነው፣ ሲጫንም እንደልብ አይጋደምም። ሞተሩን ድንበር ለማሻገር መለያ ቁጥሩ የሰፈረበት የጉምሩክ ወረቀት ሳይያዝ ባይነቃነቅ ይሻላል።

ጨው መታጠብ ያለበት እዚያው ጅቡቲ፣ በዚያው ቀን ነው። ውኃ መሳቢያው ላይ የሚገጠመውን የጎማ ጆሮ በቱቦ አያይዞ በንጹሕ ውኃ ከ10 እስከ 15 ደቂቃ በዝግታ ማስነሳት ይበቃል። ሞተሩ እንደጋለ ጥሎ መሄድ ግን ጨውን በውስጥ ቦዩ ላይ ያደርቀዋል፤ ያ ሲጠራቀም ውኃ ማለፊያው ይጠብባል። ከዚያ ሞተሩን አቁሞ ውኃውን ማንጠፍጠፍ፣ መኪና ላይም ሽፋኑ ላይ በተመለከተው ጎኑ ማስተኛት ነው። የሞተሩ ጭንቅላት ውኃውን ከሚገፋው ፕሮፔለር ዝቅ ካለ የቀረችው ውኃ በጭስ መውጫው በኩል ወደ ሲሊንደሩ ትገባለች። በአይሱዙ ተጭኖ በደህና የሄደ ሞተር ዝጎ የሚገኘው ብዙ ጊዜ በዚህ ነው።

ድሬ ሲደርስ ሌላ ጣጣ አለ። የከተማው ውኃ ማንቆርቆሪያ ውስጥ የሚተወውን ነጭ ቅርፊት የማያውቅ ድሬ ውስጥ የለም። ያው ቅርፊት ሞተሩም ውስጥ ይቀመጣል። ስለዚህ የመጨረሻው እጥበት በተጠራቀመ የዝናብ ውኃ ቢሆን ይመረጣል። ቅርፊቱ ከያዘ አቸቶን ከውኃ እኩል በእኩል ቀላቅሎ ግማሽ ሰዓት ያህል ማቆየት፣ ከዚያ አጥቦ ማስወጣት ነው። አሲድ ግን አልሙኒየሙን ይበላዋል፤ ማደር የለበትም።

ለሙከራ 200 ሊትር በርሜል ይበቃል። ፕሮፔለሩ ይውለቅ፣ ውኃው ከፓምፑ በላይ ይሙላ፣ ሞተሩም በዝግታ ብቻ ይሥራ። ከኋላ የምትፈሰዋን ቀጭን ውኃ እዩ። እጅ ሲያርፍባት ለብ ያለች መሆን አለባት እንጂ ማቃጠል የለባትም። ከሳሳች ወይም እየተቆራረጠች ከመጣች መጀመሪያ ቀዳዳዋን በቀጭን ሽቦ ጥረጉ። ካልሆነ ፓምፑ ውስጥ ያለው ባለክንፍ ጎማ፣ ኢምፔለሩ፣ ይፈታ። ክንፎቹ ወደ አንድ ወገን ታጥፈው ከቀሩ ወይም ጫፋቸው ከተሰነጠቀ አልቋል። ውኃ ሳይኖር ለጥቂት ሰኮንዶች የተነሳ ሞተር ኢምፔለሩን ያቃጥላል፤ «ይነሳ እንደሆነ ልየው» ብሎ በደረቁ ገመድ መሳብ የዚህ ሥራ ትልቁ ኃጢአት ነው። ሳይበላሽም ቢሆን በየሁለት ዓመቱ መቀየሩ አይከፋም።

አሁን ብዙ መካኒክ የሚሳሳትበት ጉዳይ። ድሬ ከባሕር ወለል 1,200 ሜትር ገደማ ከፍ ትላለች። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩ ከጉልበቱ አሥር በመቶ በላይ ያጣል፣ ቤንዚኑም ይበዛበታል። ካንዴላው ጥቁርና እርጥብ ሆኖ ይወጣል። ጎበዝ መካኒክ ይህን ሲያይ እጁ አያርፍም፤ ጂግለሩን፣ ቤንዚኑ የሚያልፍበትን ቀዳዳ፣ በጠባብ ቀይሮ ሞተሩን እንደ ሰዓት ያስተካክለዋል። ይኸው ሞተር ባሕር ላይ ሲወርድ አየሩ ይወፍራል፣ ቤንዚኑ ያንሰዋል። ቱ ስትሮክ ዘይቱን የሚያገኘው ከቤንዚኑ ጋር ነው፤ ቤንዚን ሲጎድል ዘይትም ይጎድላል። ፒስተኑ ይግላል፣ ሲሊንደሩን ይጭራል፣ በመጨረሻም ነክሶ ይቆማል፤ ያውም ሙሉ ጉልበት ሲጠየቅ፣ ከዳርቻ ርቆ። ስለዚህ የፋብሪካው ጂግለር አይነካ። ድሬ ላይ የሚፈተነው መነሳቱ፣ ውኃ መርጨቱና ማርሽ መግባቱ ብቻ ነው። የካንዴላው ቀለም የሚነበበው ባሕር ላይ፣ ሞተሩ ጭነት ይዞ ከሮጠ በኋላ ነው፤ ማኪያቶ የመሰለ ቡኒ ከሆነ ደህና ነው።

የማርሹ ዘይት ሲቀየር መጀመሪያ የታችኛው ብሎን፣ ቀጥሎ የላይኛው ይፈታል። አዲሱ 90 ቁጥር ዘይት ከታች ወደ ላይ ተገፍቶ በላይኛው ቀዳዳ እስኪወጣ ይሞላል። ሲዘጋ ግን በተቃራኒው ነው፤ የላይኛው ይቅደም፣ አለዚያ ዘይቱ ታች ይፈሳል። የወጣው ዘይት ወተት የተቀላቀለበት ከመሰለ ውኃ ገብቷል ማለት ነው። ፕሮፔለሩን አውልቃችሁ አክሱን እዩ፤ የዓሣ ማጥመጃ ክር ተጠምጥሞበት የዘይት ማኅተሙን ቆርጦት ይሆናል። ሞተሩ ላይ የታሰረው የዝንክ ቁራጭም በዚያው ይታይ፣ ግማሹ ከተበላ ይቀየር። ቀለም አይቀባ፤ ሥራው በሞተሩ ፋንታ መበላት ነው።

ሞተሩ ሊቀመጥ ሲል የቤንዚን ቱቦው ተነቅሎ ራሱ እስኪጠፋ ይሥራ። በድሬ ሙቀት ካርቡሬተር ውስጥ የቀረ ቤንዚን ተንኖ ዘይቱን እንደ ሙጫ ይተወዋል። ካንዴላዎቹ ወልቀው በየሲሊንደሩ አንድ የሻይ ማንኪያ ዘይት ይግባ፣ ገመዱም ጥቂት ጊዜ በቀስታ ይሳብ።

ወደ ባሕሩ እንውረድ። ቤንዚንና ዘይት የሚቀላቀሉት 50 ለ1 ነው፤ ለ25 ሊትር ጋን ግማሽ ሊትር ዘይት። ነዳጅ ሲያዝ ሲሶው ለመሄጃ፣ ሲሶው ለመመለሻ፣ ሲሶው ለክፉ ቀን ነው። ከጅቡቲ ከተማ ታጁራ በቀጥታ 19 የባሕር ማይል ያህል ነው። በሰዓት 15 ማይል ለሚሮጥና 9 ሊትር ለሚጠጣ ሞተር መሄጃው 11 ሊትር ተኩል ይሆናል፣ በሦስት ሲባዛ ከ34 ሊትር በላይ። ስለዚህ ሁለት ባለ25 ጋን መያዝ ነው። ሙሻ ደሴት 8 ማይል ብቻ ስለሆነች ለጀማሪ ትሻላለች። በቀዝቃዛው ወራት ነፋሱ ከምሥራቅ ነው፣ ማለዳ ረጋ ብሎ ወደ ቀትር ይበረታል። ከታጁራ ከሰዓት በኋላ የሚመለስ ሰው ነፋሱንና ማዕበሉን ፊት ለፊት ይገጥማል፣ ቤንዚኑም ይጨምራል። ጎህ ሲቀድ ወጥቶ ከቀትር በፊት መመለስ ነው። የባሕረ ሰላጤው ምዕራባዊ ጫፍ፣ ጉብት አል ኸራብ፣ ለትንሽ ጀልባ አይመከርም፤ መግቢያው ጠባብ ነው፣ ባሕሩ ሲሞላና ሲጎድል ወንዝ ይሆናል።

መልሕቅ አሸዋ ላይ ይጣል፣ ኮራል ላይ አይጣል። አምስት ሜትር ጥልቀት ላይ፣ የጀልባው አፍንጫ ከውኃው በላይ ያለው አንድ ሜትር ሲጨመር ስድስት ይሆናል። የገመዱ ርዝመት የዚህ አምስት እጥፍ፣ 30 ሜትር ነው፤ ነፋስ ካለ ሰባት እጥፍ፣ 42። መልሕቅ ሲጣል ሞተሩ ስለሚጮህ መጯጯህ አያስፈልግም። ፊት የቆመው በእጁ ያመልክት፤ የተዘረጋ መዳፍ ቁም፣ ወደ ኋላ የተጠቆመ አውራ ጣት ወደ ኋላ ሂድ። ባልና ሚስትን ከነፋስ ይልቅ የሚያጣላው መጯጯሁ ነው።

መሪው ላይ ያለው ሰው ቀዩን የማጥፊያ ገመድ እጁ ላይ ያስር፤ ሲወድቅ ገመዱ ተነቅሎ አብሮት ይሄዳል፣ ሞተሩም ይጠፋል፤ ያለ እሱ ደግሞ አይነሳም። ሁለተኛ ማጥፊያ ካልተያዘ ግን የቀረው ሰው ሞተሩን ማስነሳት አይችልም፣ የወደቀውንም አይደርስለትም። ስለዚህ ትርፉ ማጥፊያ ጀልባው ላይ ታስሮ ይኑር። ገመድ ስቦ ማስነሳት፣ ቱቦ መቀየር፣ በኮምፓስ መምራት ሁለቱም ይቻሉ። አንዱ ብቻ የሚችልበት ጀልባ ባንዱ ሕመም ባሕር ላይ ይቀራል።

ለሁለት ሰው ለአንድ ቀን 10 ሊትር ውኃ፣ ሎሚና ጨው፣ ከድሬው ከፊራ ገበያ የተገዛ ቴምር፣ ቆሎ። ወጥ ያለበት ምሳ ጀልባ ላይ ደግ አይደለም፤ ሲንገጫገጭ ጣባው ይገለበጣል። ፓስፖርትና የጀልባው ወረቀት ውኃ በማያስገባ ከረጢት፣ ሬዲዮው የባሕር አደጋ ጥሪ በሚሰማበት 16 ቁጥር ላይ፣ የመመለሻ ሰዓታችሁም የብስ ላይ ባለ ሰው ዘንድ ይሁን።

ጀልባው ለክረምት ሲቆም የወለሉ ቡሽ ተነቅሎ፣ የዝናብ ውኃ እንዲወጣ አፍንጫው ከፍ ይበል። ቡሹ ኪስ ውስጥ አይገባ፤ የሞተሩ መሳቢያ እጀታ ላይ ይታሰር፣ በጥቅምት ገመዱን ሊስብ የሚመጣ እጅ መጀመሪያ እሱን እንዲያገኘው።